አዞ ሐረግ ከገደል ወደ አጥር

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ መርገፍ ሲጀምር፣ ከደጀን ወደ አባይ በሚወርደው መንገድ ዳርና ዳር በአጋሙና በቀጋው ላይ ነጭ ሆኖ የሚደፋው ሐረግ አዞ ሐረግ ነው። አበባው ካለፈ በኋላ ዘሩ ጭራ ያወጣና ቁጥቋጦው ሁሉ ባዘቶ የተዘረጋበት ይመስላል። ያየው ሰው በአጥሩ ላይ ቢኖረው ይመኛል። አብዛኛው ነቅሎ ያመጣዋል፣ በሳምንት ውስጥ ይደርቅበታል፣ «ይህ የበረሃ ነገር ግቢ አይወድም» ብሎ ይተወዋል።

ግቢ ይወዳል። የሚጠይቀው ሥሩ ቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ፣ ጫፉ ፀሐይ ላይ እንዲሆንለት ነው። በገደሉም የሚኖረው እንዲሁ ነው። ዘሩ ከእሾህ ቁጥቋጦ ሥር ወይም ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላል፤ ሥሩን በዚያ ጥላ ይሰዳል፤ ከዚያ ቁጥቋጦውን ተደግፎ ብርሃን ፍለጋ ይወጣል። ሰው ነቅሎ ሲያመጣው በድንጋይ መካከል የገባው ዋና ሥር ተበጥሶ ይቀራል፣ ውኃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ይራገፋሉ፣ ቅጠሉ ግን እንዳለ ነው። ቅጠሉ የሚያተነውን ውኃ የሚተካ ሥር የለውም። ያም ተክል በማግስቱ ባዶ ግድግዳ ሥር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያነድደው አፈር ላይ ይተከላል። ቢደርቅ ምን ይደንቃል? ገደሉም አንድ ሐረግ ጎደለበት። ስለዚህ መነቀሉን እንተወውና ዘሩን እንልቀም፣ ወይም ከጎረቤት አጥር ቁራጭ እንውሰድ።

በመጀመሪያ ግን ሐረጉን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አዞ ሐረግ የሚለው ስም ለአንድ ዝርያ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በሳይንስ ክሌማቲስ የሚባለው ወገን በዓለም ላይ 300 ገደማ ዝርያዎች አሉት። በአገራችን ክሌማቲስ ሂርሱታና ክሌማቲስ ሲሜንሲስ በሰፊው ይገኛሉ፤ ክሌማቲስ ሎንጊካውዳም አለ። ሂርሱታ በላቲን ጸጉራም ማለት ነው፤ ቅጠሉን ቢዳስሱት ለስላሳ ጸጉር አለው። ሲሜንሲስ ስሙን ያገኘው ከሰሜን ተራሮች ሲሆን፣ እርጥበት ባለው የደጋ ደን ጠርዝ ይበዛል። ሎንጊካውዳ ረጅም ጭራ ማለት ነው፤ የዘሩን ጭራ አይተው ነው ያሉት። ለአጥር ሦስቱም ይሆናሉ፤ አያያዛቸውም ያው ነው። ከአባይ ማዶ ያሉት ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ፊቲ ይሉታል፣ በትግርኛ ደግሞ ሓዞ ነው።

መለያው እንዲህ ነው። ቅጠሎቹ በሐረጉ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቅጠል ራሱ በትናንሽ ቅጠሎች የተከፋፈለ ነው። ቅጠሉን ከሐረጉ የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ ያገኘውን ነገር ይጠመጠማል፤ ተክሉ የሚወጣው በዚህ ነው። ሌሎች ሐረጎች እንዳላቸው ያለ የተለየ መጠምጠሚያ ክር የለውም። አበባው አራት ነጭ ወይም ወተት የመሰለ ክፍል አለው፤ መሐሉ በብዙ ክር የተሞላ ነው። ዘሩ በጸጉራም ጭራ ይጨርሳል።

ከጠምበለል ጋር የሚያምታቱት አሉ። ጠምበለልም ነጭ ነው፣ ቅጠሉም ፊት ለፊት ይወጣል፤ ነገር ግን የጠምበለል አበባ ከታች ቀጭን ቱቦ አለው፣ ሽታው ከሩቅ ያውዳል፣ ፍሬውም ክብና ጥቁር ነው። እንዶድ ከሆነ ቅጠሉ ያልተከፋፈለ ነው፣ ተራ በተራ እየተፈራረቀ ይወጣል፣ ፍሬውም በዘለላ ይንጠለጠላል። ሐረግ ሬሳ ደግሞ እንደ ዱባ መጠምጠሚያ ክር አለው። እነዚህን ሳይለዩ ዘር መልቀም የአንድ ዓመት ድካም ማባከን ነው።

ስለ ጭማቂው አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥራ ሁሉ በእጅ የሚሠራ ነውና። የአዞ ሐረግ ትኩስ ቅጠልና ግንድ ሲቀጠቀጥ ፕሮቶአኔሞኒን የሚባል ቅመም ይፈጥራል። ቆዳን ያቃጥላል፣ ያቀላል፣ ቆይቶ ከተነካካ ያቆስላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ጉዳቱ የባሰ ነው። ሲደርቅ ይህ ቅመም ወደማይፋጅ ነገር ይለወጣል። በድሮ ፈረንሳይ ከዚያ አገር የክሌማቲስ ዝርያ ቆዳቸውን ሆን ብለው እያቆሰሉ የሚለምኑ ሰዎች ስለነበሩ፣ ተክሉ የለማኞች ቅጠል የሚል ስም ወጥቶለታል። በእኛም አገር ቅጠሉን ለቁስልና ለእብጠት የሚጠቀሙ አሉ፤ ቆዳን ማቃጠሉን እያወቅሁ እንዲህ አድርጉ ልል አልችልም፣ በተለይ በልጅ ቆዳ ላይ። ሥራ ላይ ጓንትና ረጅም እጅጌ ይልበሱ፤ ጭማቂው ከነካዎት ወዲያው በብዙ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፤ ዓይንዎን ከነካ ለረጅም ደቂቃ በንጹሕ ውኃ አጥበው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከብትም ትኩሱን ከበላ አፉ ይቃጠላል፣ ይለሀጫል፣ ያስቀምጠዋል። ፍየል ግን ቢያቃጥላትም ለጋውን ጫፍ ከመቀንጠስ አትመለስም፤ ችግኙን የሚያጠፋው ያ አንድ ጉርሻ ነው።

ዘር መልቀም

አበባው በብዛት ከመስከረም እስከ ኅዳር ይታያል፤ ዘሩ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይደርሳል። ቆላው ይቀድማል፣ ደጋው ይዘገያል። የደረሰ ዘር ቡናማ ነው፤ ጭራው ተፈትቶ ነጭ ወይም አመድማ ሆኗል፤ በሁለት ጣት ቀስ ብለው ሲስቡት ራሱ ይለቅቃል። እየተጎተተ እምቢ ካለ፣ ወይም ዘሩ አረንጓዴ ከሆነ፣ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። ያልደረሰ ዘር ቤት ውስጥ አይበስልም፤ ይሸበሸባል እንጂ።

ከየት እንደሚለቅሙ ማሰብ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ከደጀን አናት እስከ አባይ ድልድይ ከ2,400 ሜትር ገደማ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይወረዳል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር፣ በላይና በታች መካከል ያለው ልዩነት 8 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወይራውና አጋሙ ቀርቶ አባሎና ወይባው የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከታች የተለቀመ ዘር ደብረ ማርቆስ ላይ ቢበቅል እንኳ ጫፉ በጥቅምትና በኅዳር ቅዝቃዜ ይመታል፤ ከጮቄ ግርጌ የተለቀመው ደግሞ ፍኖተ ሰላም ወርዶ በበጋው ይታክታል። ለግቢዎ የሚመቸው በከፍታ ከግቢዎ ጋር ከሚቀራረብ ቦታ የተለቀመ ነው። ሁለት ወይም ሦስት መቶ ሜትር ቢለያይ አያሳስብም።

ከአንድ ሐረግ ብቻ አይልቀሙ፤ ከአራት ወይም ከአምስት የተለያዩ ሐረጎች ጥቂት ጥቂት ይውሰዱ፣ የቀረውን ለነፋስ ይተዉ። ለአንድ ግቢ 100 ዘር ከበቂ በላይ ነው፤ ከነጭራው አንድ እፍኝ አይሞላም። ከቤተ ክርስቲያን ደን የሚለቅሙ ከሆነ አስተዳዳሪውን ያስፈቅዱ። በጎጃም ብዙው የአገር በቀል ዛፍና ሐረግ ተጠብቆ የቀረው በእነዚያ ደኖች ነው፤ ከዚያ ቅርንጫፍ መስበር አይገባም። ዘሩን በወረቀት ከረጢት ይያዙ። በፌስታል ከያዙት ያልበዋል፣ በሁለት ቀን ይሻግታል።

ቤት ሲደርሱ ጥላ ውስጥ በጋዜጣ ላይ ለአንድ ሳምንት አስጥተው ጭራውን ያስወግዱ። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ በወንፊት ላይ ቀስ አድርጎ ማሸት ይበቃል። ጸጉሩ ስለሚበን አፍንጫዎን በነጠላ ጫፍ ይሸፍኑ። ቀጥሎ ፍሬ ያለውንና ባዶውን ይለዩ። በውኃ ላይ አንሳፍፎ መለየት ለጤፍና ለስንዴ ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ግን ያሳስታል፣ ምክንያቱም ጸጉሩ አየር ይዞ ደህናውንም ዘር ያንሳፍፈዋል። በጥፍር መጫን ይሻላል፤ መሐሉ ያበጠና የጠነከረ ከሆነ ፍሬ አለው፣ ከታጠፈ ባዶ ነው። ብዙ ባዶ ቢያገኙ አይደንግጡ፤ የዱር ዘር እንዲህ ነው።

ዘሩን በዚያው ወቅት መዝራት ይመረጣል። ለሚቀጥለው ዓመት ከተቀመጠ የመብቀል ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል።

መዝራትና ማሳደግ

አፈሩን ከሁለት እጅ ቀይ አፈር ወይም የደን አፈር፣ ከአንድ እጅ የወንዝ አሸዋና ከአንድ እጅ በደንብ ከተብላላ ኮምፖስት ያዘጋጁ። ያልበሰበሰ ፍግ አይጨምሩ፤ እየተብላላ ሲሄድ ሙቀት ያመጣል፣ ለጋውን ሥር ይልጠዋል። ለችግኝ የሚሆነው ፕላስቲክ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቢሆን ጥሩ ነው፤ የአዞ ሐረግ ሥር ወደ ታች ስለሚሄድ አጭር ዕቃ ውስጥ ይጠማዘዛል። ከታች ውኃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው።

ዘሩን 24 ሰዓት ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉ፣ በመሐሉ አንድ ጊዜ ውኃውን ይለውጡ። በአንድ ፕላስቲክ ሦስት ዘር አስቀምጠው ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ አሸዋ ይሸፍኑት። ጠልቆ የተዘራ ዘር ቢበቅልም ብርሃን ሳያይ ጉልበቱ ያልቃል። ሲያጠጡ በቀዳዳዎቹ ቀስ ብሎ በሚረጭ ማጠጫ ይሁን፤ በጆግ ካፈሰሱበት ዘሩ ተጠርጎ ጥግ ላይ ይከማቻል። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ፕላስቲኮቹን ከሳር በተሠራ ዳስ ሥር ያኑሯቸው፤ ግማሽ ጥላ ይበቃቸዋል።

ከዚህ በኋላ መታገሥ ነው። እንደ ስንዴ በሳምንት ብቅ አይልም። ቀደም ያለው በወር ይበቅላል፤ ብዙው ሁለትና ሦስት ወር ይወስዳል፤ ከዚያም የሚዘገይ አለ። «አልበቀለም» ተብሎ አፈሩ ከተደፋ በኋላ ከተደፋበት ላይ በቅሎ የሚገኝ ብዙ ነው። ቢያንስ አንድ ክረምት እስኪያልፍበት አይድፉት።

በዚህ ደረጃ በጣም የሚያጠቃው ችግኙ ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የሚከሰት ብስባሴ ነው። ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመው ችግኝ ዛሬ ወገቡ ቀጥኖና ጠቁሮ ወድቆ ይገኛል። የሻጋታ በሽታ ነው፤ የሚያመጡትም ውኃ መብዛት፣ አየር ማጣት፣ ተጨናንቆ መብቀልና ያልበሰበሰ ፍግ ናቸው። አንድ ችግኝ ከወደቀ ያንን ፕላስቲክ ከሌሎቹ ያርቁ፣ ማጠጣቱን ወደ ጠዋት ያዙሩ፣ ከላይ ደረቅ አሸዋ ይበትኑ። ማታ ማጠጣት ሌሊቱን ሙሉ አፈሩን እርጥብ ስለሚያሳድር በሽታውን ይጋብዛል።

ችግኙ ሁለት ጥንድ እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ከሦስቱ ጠንካራውን ያስቀሩ፤ ሌሎቹን ከነአፈራቸው በእንጨት ማንኪያ አንስቶ ወደ ሌላ ፕላስቲክ ማዛወር ይቻላል። ሦስተኛው ጥንድ ሲመጣ ጫፉን ይቀንጥሱት። ይህን ማድረግ የሚያሳዝናቸው አሉ፤ ካልተቀነጠሰ ግን አንድ ቀጭን ክር ሆኖ ይወጣል፣ ከሥሩ አይበዛም። ሲቀነጠስ ከታች ሁለትና ሦስት ሐረግ ያወጣል።

በቁራጭ ወይም በመቅበር

ጎረቤት ያሳደገው ካለ ይህ ይፈጥናል። ቁራጭ የሚወሰደው ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ በዚያው ክረምት ከወጣ ሐረግ መካከለኛ ክፍል ነው። ጫፉ ለጋ ስለሆነ ይበሰብሳል፤ ሥሩ አካባቢ ያለው እንጨት ስለሆነ ሥር ለማውጣት ያስቸግራል። ሲያጎብጡት ሳይሰበር የሚታጠፍ፣ ግን እንደ ሳር የማይልፈሰፈስ ክፍል ይፈልጉ።

የአዞ ሐረግ ቁራጭ ከሌላ ተክል የሚለየው፣ ከአንጓው ብቻ ሳይሆን በአንጓዎች መካከል ካለው ግንድም ሥር ማውጣት መቻሉ ነው። ስለዚህ አንድ አንጓ ብቻ ያለው ቁራጭ ይበቃል። ከአንጓው በላይ ወዲያው በቀጥታ ይቁረጡ፤ ከአንጓው በታች 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትተው በሰያፍ ይቁረጡ። የላይና የታች አቆራረጡን መለየቱ ኋላ ገልብጦ ከመትከል ያድናል፤ የተገለበጠ ቁራጭ አይጸድቅም። ከሁለቱ ቅጠሎች አንዱን ያንሱ፣ የቀረውንም በግማሽ ይቁረጡ። እኩል አሸዋና ኮምፖስት በተቀላቀለበት ፕላስቲክ ውስጥ አንጓው ከአፈሩ ገጽ ጋር እኩል እስኪሆን ይትከሉት። የቀርከሃ ስንጥቅ አጎብጠው በላዩ ላይ ስስ ፕላስቲክ ይሸፍኑ፣ ጥላ ውስጥ ያኑሩት፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ገለጥ አድርገው አየር ያስገቡ። የወደቀ ቅጠል ካለ ሳይሻግት ያውጡ። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ይይዛል። አዲስ ቅጠል ስላወጣ ብቻ ሥር ይዟል ማለት አይደለም፣ በግንዱ ባለው ስንቅ ሊያወጣ ይችላል፤ ቀስ ብለው ሲስቡት ከአፈሩ ጋር ከተያያዘ ነው የጸደቀው።

እኔ ለጀማሪ የምመርጠው መቅበርን ነው። በሰኔ መጀመሪያ፣ ያለፈው ዓመት ሐረግ ሳይቆረጥ ወደ መሬት ይጎነበስና አንድ አንጓው 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ከአንጓው በታች ያለውን ቅርፊት በቢላዋ ጫፍ ትንሽ ይፋቁት፣ በትንሽ ባላ እንጨት ቸንክረው አፈር ይመልሱበት፣ ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስቀምጡ። ድንጋዩ እርጥበቱን ይይዛል፤ የት እንደቀበሩም ያስታውሳል። እናቲቱ ስለምትመግበው አይሞትም። በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ ከእናቲቱ ቆርጦ ወደ ቦታው ማዛወር ነው።

መትከል

የመትከያው ጊዜ ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካራሰ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ከዚያ ከዘገየ ሥር ሳይሰድ ክረምቱ ይወጣበታል። ችግኙ ስንዝር ያህል ያልሆነ ከሆነ፣ ወይም ሥሩ በፕላስቲኩ ቀዳዳ ብቅ ካላለ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩት። ቸኩሎ የተተከለ ትንሽ ችግኝን በጋው ይበላዋል።

ጉድጓዱ በሁሉም አቅጣጫ ግማሽ ሜትር ይሁን። የላይኛውን አፈር ለብቻ አውጥተው ከአንድ ባልዲ፣ ማለትም ከ10 ሊትር ገደማ፣ የበሰበሰ ፍግ ጋር ይቀላቅሉ። ከግድግዳ ወይም ከአጥር 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቁ፤ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ያለው መሬት ዝናብ አይደርሰውም፣ ወይም ከቆርቆሮው የሚወርደው ጅረት ይሰረስረዋል። ችግኙን በፕላስቲክ ውስጥ ከነበረበት 5 ሴንቲ ሜትር ጠለቅ አድርገው፣ የታችኛው አንጓ አፈር ውስጥ እንዲገባ ይትከሉት። ለብዙ ተክል ይህ ስህተት ነው፤ ለአዞ ሐረግ ግን ዋስትና ነው። ዶሮ ብትጭረው፣ ፍየል ብትቀነጥሰው ከተቀበረው አንጓ እንደገና ያቆጠቁጣል።

የአፈሩን ነገር ማየት ይገባል። በቢቸናና በደጀን ሜዳማ ቦታ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ያቁራል፤ በአዞ ሐረግ ሥር ላይ ውኃ ለሳምንት ከተኛ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ሥሩ ይበሰብሳል። ሰው ቢጫ ቅጠል ሲያይ የጠማው መስሎት ያጠጣዋል፣ ሞቱን ያፋጥንለታል። በእንዲህ ዓይነት መሬት በጉድጓድ ፋንታ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ ሠርቶ በላዩ መትከል ነው የሚያዋጣው። የማሳ ፈሰስ ወደ ተከላው የሚወርድ ከሆነም አስቀድመው አቅጣጫውን ያስለውጡ። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ደጋ ያለው ቀይ አፈር ውኃ ባያቁርም አሲዳማ ነው፤ ለዚያ በጉድጓዱ አፈር ውስጥ ሁለት እፍኝ የእንጨት አመድ መቀላቀል ይጠቅማል። ከዚያ በላይ አያብዙ።

ከባሕር ዛፍ ሥር አይትከሉ። ጥላ ነው ብለው ይመርጡታል፤ ነገር ግን ባሕር ዛፍ በበጋው የአፈሩን እርጥበት ስለሚመጥጠው ለሐረጉ የሚተርፈው ደረቅ ትቢያ ነው። ለከሰል ተብሎ ከሚተከለው ግራር ዴከረንስ አጠገብም ያው ነው።

የሥሩ ጥላ በብዙ መንገድ ይመጣል። የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ሳር ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ጎዝጉዙ፤ ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ የአንድ እጅ ስፋት ክፍት ይተው፣ አለበለዚያ ግንዱ ይበሰብሳል። ምስጥ ባለበት ቆላ ግን ጭድ ምስጡን ስለሚጠራ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደርድሩ፤ ገደል ውስጥ የሚያቀዘቅዘውም ድንጋይ ነው። ከፊት ለፊቱ፣ ፀሐይ በምትመጣበት በኩል፣ ጤና አዳም ወይም ኮሰረት ቢተከል ጥላ ይሰጣል፣ ለቤትም ይውላል።

የመጀመሪያው በጋ ወሳኝ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ግንቦት በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ሊትር ይስጡት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ያመጣዋል፤ አንድ ቀን የረሱት ዕለት ይጠወልጋል። ውኃ እጥረት ካለ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ታቹን ቆርጠው፣ ክዳኑን በመርፌ በስተው፣ ገልብጠው ከሥሩ አጠገብ ይቅበሩና በዚያ ይሙሉት። ውኃው ፀሐይ ሳታየው ሥሩ ዘንድ ይደርሳል። በሁለተኛው በጋ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ከሦስተኛው በኋላ ቆላ ካልሆነ በቀር ራሱን ይችላል።

የሚወጣበት ነገር ቀጭን መሆን አለበት። ሐረጉ የሚይዘው በቅጠል ዘንግ ነው ብለናል፤ ያ ዘንግ ከትንሽ ጣት የወፈረ ነገር መጠምጠም አይችልም። የባሕር ዛፍ አጠና አቁሞ «ይውጣ» ማለት አይሆንም፤ ልሙጥ ግድግዳም አይሆንለትም። አጠናው ላይ ቃጫ ወይም ሽቦ ከላይ እስከ ታች ይወጥሩ፤ በግድግዳ ላይ ከሆነ ሽቦውን ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ በአግድም ይዘርጉ። የግድግዳው ሙቀት ቅጠሉን እንዳይጠብሰው ክፍተቱ አስፈላጊ ነው። ለጋው ጫፍ በነፋስ ስለሚሰበር በየሳምንቱ በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርገው እየመሩ ያስሩት።

በቡና፣ በጌሾ ወይም በፍራፍሬ ችግኝ ላይ አይልቀቁት፤ ብርሃን ይከለክላቸዋል፣ በክብደቱም ይሰብራቸዋል። ያረጀ ወይራ ወይም ዋንዛ ግን ሳይከብደው ይሸከመዋል።

ቅጠሉ በዝቶ አበባ እምቢ ካለ ምክንያቱን ከሦስት ቦታ ይፈልጉ። ከዘር የበቀለ ከሆነ ገና ሕፃን ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው የሚያብበው። ጫፉ ፀሐይ ካላገኘም አያብብም። ዩሪያ ከተጨመረበት ደግሞ ኃይሉን ሁሉ ወደ ቅጠል ይወስዳል፤ በዓመት አንድ ባልዲ የበሰበሰ ፍግ በሰኔ ከበቂ በላይ ነው። ለጋው ጫፍ ላይ ክሽክሽ ቢሰፍር በጣት ጠርጎ በሳሙና ውኃ ማጠብ ይበቃል። ሐረጉ አበባ ላይ ሳለ ግን ምንም መድኃኒት አይርጩ፤ በዚያ ሰሞን ንብ ከጠዋት እስከ ማታ ትመላለስበታለች፣ የጎረቤት ቀፎ ያልቃል።

ክርከማው

ሰው በብዛት የሚሳሳተው በጊዜው ነው። አዞ ሐረግ የሚያብበው በዚያው ክረምት ባወጣው አዲስ ሐረግ ጫፍ ላይ ነው። በነሐሴ «ግቢውን ሸፈነው» ብሎ የከረከመ ሰው የመስከረሙን አበባ ቆርጦ ጣለ። ትክክለኛው ጊዜ ዘሩ ተበትኖ ካለቀ በኋላ፣ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር አስቀርተው፣ ከጠንካራ ጥንድ ቡቃያ በላይ ይቁረጡ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከ50 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ማስቀረት ነው። ጨካኝ ይመስላል፤ ያልተከረከመ አዞ ሐረግ ግን ከታች ራቁቱን ይቀራል፣ አበባው ሁሉ ከአጥሩ በላይ ለመንገደኛ ይሆናል፣ ከውስጥም የደረቀ ሐረግ ይከመርበታል። ደጋ ላይ ውርጭ ጫፉን ካጠቆረውም እስከ መጋቢት አይንኩት፤ የደረቀው ክፍል ከታች ያለውን ቡቃያ ከሚቀጥለው ውርጭ ይሸፍናል።

የተቆረጠውን ትኩስ ሐረግ ከብት በሚያልፍበት አይጣሉ፣ ልጆችም አይጫወቱበት። አንድ ጥግ ሰብስበው እስኪደርቅ ይተዉት። ረጃጅሙ ሐረግ ከደረቀ በኋላ አጥር ለማሰር ይሆናል፣ ሲያስሩበት ግን አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ያሳድሩት፣ አለዚያ ይሰበራል።

ዓመታት አልፈው ግንዱ ሲያረጅና አበባው ሲሳሳ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይቁረጡት። ካሉት ወፋፍራም ግንዶች አንድ ሦስተኛውን በዚህ ሚያዝያ ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ይቁረጡ፣ ሌላውን ሦስተኛ በሚቀጥለው፣ የቀረውን በሦስተኛው ዓመት። ከየጉቶው የሚወጣውን አዲስ ሐረግ ጫፉን እየቀነጠሱ ወደ ሽቦው ይምሩት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም መስከረም ያለ አበባ ሳይቀር ሐረጉ ይታደሳል።